ከአዝመራው ማን ስንት ወሰደ? የገቢ ልዩነት በገዳሪፍና በመተማ እንዴት ይለካል

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ተሰምቶ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ገቢ ክፍፍል ነው። በአንድ አካባቢ ከሚገኘው ገንዘብ ለማን ስንት ይደርሳል? የድርሻው ልዩነትስ በምን ይለካል? ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን። የሌላችሁም አትቸገሩ፤ ቁጥሮቹ ጥቂት ናቸው፣ እየደጋገምኩ እነግራችኋለሁ። በዝግጅቱ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

እንግዲህ ሁላችሁም ከምታውቁት ከሰሊጥ እንነሣ።

ሰሊጥ ሲደርስ ፋታ አይሰጥም። ቅጠሉ ወደ ቢጫነት ሲዞርና የታችኛው የፍሬ ቋት ሊከፈት ሲቃረብ ካልታጨደ፣ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው በመስከረምና በጥቅምት ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ ቆላ የሚወርደው። ከፊሉም ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ እስከ ገዳሪፍ ይዘልቃል። ይህ ሠራተኛ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ ይባላል። ማጭዱን ይዞ ከእርሻው ወኪል ጋር ይዋዋላል። በቡድን ሆነው ያጭዳሉ፣ ነዶ ያስራሉ፣ ነዶውን አቁመው ይከምሩታል፤ ሲደርቅም ሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል። ከዚያ ሰሊጡ ጆንያ ይገባል። በሱዳን በኩል ያለው በገዳሪፍ የሰብል ገበያ ላይ በጨረታ ይሸጣል። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ደግሞ በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ይገባል።

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ እጅ አለ። እኛ ለትምህርታችን አምስት ሰዎችን ብቻ እንውሰድ። አንደኛው ሳሉጉ ነው። ሁለተኛዋ በካምፑ ለሠራተኞቹ ምግብ የምታበስለው ሴት ናት። ሦስተኛው ትንሽ መሬት ያለው የአካባቢው ገበሬ፣ አራተኛው ትራክተር ነጂው፣ አምስተኛው የሰፊው እርሻ ባለቤት ናቸው። አምስቱ በአንድ ወቅት በድምሩ 100 ሺህ አገኙ እንበል። ከዚህ ውስጥ ሳሉጉ 4 ሺህ፣ ምግብ አብሳይዋ 6 ሺህ፣ ገበሬው 10 ሺህ፣ ትራክተር ነጂው 20 ሺህ፣ ባለ እርሻው 60 ሺህ ወሰዱ። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹን ብዬ ነው እንጂ የማንም እርሻ ሒሳብ አይደሉም። ልድገማቸው፦ 4፣ 6፣ 10፣ 20፣ 60።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መጀመሪያ አማካዩን እንይ። 100 ሺህ ለአምስት ሲካፈል 20 ሺህ ይሆናል። “በዚህ አካባቢ የአንድ ሰው አማካይ ገቢ 20 ሺህ ነው” ተብሎ ቢነገር ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ሦስቱ ከዚያ በታች ናቸው፤ ሳሉጉማ ያገኘው የአማካዩን አንድ አምስተኛ ነው። በሰልፉ መሐል የቆመውን ሰው ብንጠይቀው 10 ሺህ ይለናል፤ የአማካዩን ግማሽ ማለት ነው። አባቶቻችን “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ሲሉ ሎሚው በሁለቱም በኩል ያው ሃምሳ ነው፤ የሚለየው እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። አማካይ የሚነግረን የሎሚውን ቁጥር ነው። ክፍፍሉን ለማወቅ ሌላ መለኪያ ያስፈልገናል።

በ1905 ማክስ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ ቀላል መንገድ አሳየ። ሰዎቹን ከዝቅተኛው ገቢ ወደ ከፍተኛው አሰልፋቸው፤ ከዚያ ከታች ጀምረህ ድርሻቸውን እየደመርህ ሂድ አለ። እንሞክረው። የመጀመሪያው ሰው፣ ማለትም ከሰዎቹ 20 በመቶ፣ ከገቢው 4 በመቶ አለው። ሁለቱ፣ ማለትም 40 በመቶው፣ 10 በመቶ አላቸው። ሦስቱ 20 በመቶ፣ አራቱ 40 በመቶ፣ አምስቱ መቶውን። ክፍፍሉ እኩል ቢሆን ኖሮ 20 በመቶው ሰው 20፣ 40 በመቶው ሰው 40 እያለ እኩል ይራመድ ነበር። በእኛ ምሳሌ ግን ከሰዎቹ 80 በመቶው ደርሰን እንኳ ገና ከገቢው 40 በመቶ ላይ ነን። ልዩነቱ የሚታየው እኩል ቢሆን ኖሮ በሚኖረውና በእውነተኛው ድምር መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1912፣ ኮራዶ ጂኒ የተባለ ጣሊያናዊ የስታቲስቲክስ ምሁር ልዩነቱን ሁሉ በአንድ ቁጥር የሚጠቀልል መለኪያ አቀረበ። ዛሬ መንግሥታትም የዓለም ባንክም የሚጠቀሙበት የጂኒ መለኪያ ይህ ነው። ሲሰሙት የሚከብድ ይመስላል፤ በእጃችን ግን እንሠራዋለን።

ደረጃ አንድ። እያንዳንዱን ሰው ከእያንዳንዱ ጋር አነጻጽሩና የገቢያቸውን ልዩነት ጻፉ። ሳሉጉ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 2፣ 6፣ 16 እና 56 ነው፤ ድምሩ 80። ምግብ አብሳይዋ ከቀሩት ሦስት ጋር 4፣ 14 እና 54፤ ድምሩ 72። ገበሬው ከቀሩት ሁለት ጋር 10 እና 50፤ ድምሩ 60። ትራክተር ነጂው ከባለ እርሻው ጋር 40። 80፣ 72፣ 60 እና 40 ሲደመሩ 252 ይመጣል።

ደረጃ ሁለት። የሰዎቹን ብዛት በጠቅላላ ገቢው አባዙ። 5 በ100 ሲባዛ 500 ነው።

ደረጃ ሦስት። 252ን ለ500 አካፍሉ። 0.504 ይሆናል። የአምስቱ ሰዎች ጂኒ ይህ ነው።

ምን ማለት ነው? አምስቱም እኩል 20 ሺህ ቢያገኙ ልዩነት ስለማይኖር ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። አንዱ መቶውን ወስዶ አራቱ ባዶ እጃቸውን ቢቀሩ ደግሞ ውጤቱ 0.8 ነው፤ ሰዎቹ በሺዎች ሲቆጠሩ ይህ ወደ 1 ይጠጋል። እንግዲህ ዜሮ ፍጹም እኩልነት፣ 1 ፍጹም ልዩነት ነው። 0.504 ሰፊ ልዩነት ነው።

ከጂኒ ሌላም አለ። ጋብሪኤል ፓልማ የተባለው ቺሊያዊ የኢኮኖሚ ምሁር የላይኞቹን 10 በመቶ ድርሻ ከታችኞቹ 40 በመቶ ድርሻ ጋር ማነጻጸር ይሻላል ብሎ ይከራከራል። ምክንያቱም በብዙ አገር የመካከለኞቹ ድርሻ ብዙም አይለዋወጥም፤ ትግሉ በላይኛውና በታችኛው መካከል ነው ይላል። እኛ አሥር ሰው ስለሌለን የላይኛውን አንድ ሰው ከታችኞቹ ሁለት ሰዎች ጋር እናወዳድር፤ 60 ለ10፣ ስድስት እጥፍ ይመጣል። ለገበያ ወሬ እንዲህ ያለው አነጋገር ከጂኒ ይልቅ ይገባል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገር ቁጥሮች እንሂድ። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት በ1995/96 ተጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ሲካሄድ ቆይቷል። የ2015/16 ጥናት ለአገሪቱ በጠቅላላ 0.33 ገደማ ጂኒ አወጣ፤ ለከተማ 0.38፣ ለገጠር 0.28። ሱዳን በ2009 ባካሄደችው የቤተሰብ ጥናት 0.35 ገደማ አገኘች። በዚያው ጥናት ከድህነት መስመር በታች የሚኖረው ሕዝብ 46.5 በመቶ ነበር። ለማወዳደር ያህል የደቡብ አፍሪካ በ2014 0.63 ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች የሰማ ሰው “ኢትዮጵያም ሱዳንም በገቢ ክፍፍል ደህና ናቸው ማለት ነው” ሊል ይችላል። የገዳሪፍን የሰሊጥ ማሳ በዓይኑ ያየ ግን ይጠይቃል፦ እዚያ የሚታየው ልዩነት የት ገባ?

መልሱን ከራሳችን አምስት ሰዎች እንፈልገው። የቤት ለቤት ጥናት የሚያካሂዱ ባለሙያዎች ገዳሪፍ ገጠር ደረሱ እንበል። ባለ እርሻው እዚያ አይኖርም፤ ቤቱ ሩቅ ከተማ ነው፤ እርሻውን የሚያየው ወኪሉ ነው። ስለዚህ ከሰልፉ ወጣ። የቀሩት 4፣ 6፣ 10 እና 20 ናቸው። የየጥንዱ ልዩነት ሲደመር 52፤ አራት ሰው በ40 ሺህ ሲባዛ 160፤ 52 ለ160 ሲካፈል 0.325። ከግማሽ በላይ የነበረው ልዩነት አንድ ሰው ስለጎደለ ብቻ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ቀጥለን ሳሉጉን እናውጣው፤ ቤቱ ደጋ ነው፣ እዚህ ያለው ለጥቂት ሳምንት በሸራ ዳስ ውስጥ ነው፣ የሚንኳኳ በር የለውም። የቀሩት 6፣ 10 እና 20 ናቸው። 28 ለ108 ሲካፈል 0.26 ገደማ። በማሳው ላይ የአንድም ሰው ደመወዝ አልተለወጠም፤ የአንድም ሰው ትርፍ አልቀነሰም። ቁጥሩ የተሻሻለው ሁለት ሰዎች ስላልተቆጠሩ ነው።

አድማጮቻችን፣ ከዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን እላለሁ። የገቢ ልዩነት ቁጥር ከስሌቱ በፊት የሚወሰነው በሰልፉ ማን እንደቆመ ነው። ድንበር አካባቢ ደግሞ ከሰልፉ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው።

ምክንያቱን እንየው። የቤተሰብ ጥናት ናሙናውን የሚመርጠው ከሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ተነሥቶ ነው። የኢትዮጵያ የመጨረሻ ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ነው፤ የሱዳን በ2008። ከዚያ በኋላ ይህ ቀጠና ስንት ጊዜ ተገለባበጠ! በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። በ1980ዎቹ ስደተኛ ያስተናገደው የኡም ራኩባ መጠለያ እንደገና ተከፈተ፤ ቱነይድባም ተቋቋመ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ገዳሪፍ ገቡ፤ ሌሎች በመተማ ተሻግረው በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ ተጠለሉ። በመጠለያ ያለው ሰው በእርዳታ ድርጅት የራሽን መዝገብ ይገኛል። በመኸር ወጥቶ በቀን ሥራ ምን እንዳገኘ፣ ከዚያም ለደላላ ስንት እንደከፈለ ግን በአገሪቱ የገቢ ክፍፍል ውስጥ ቦታ አላገኘም።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የተለካው ምንድን ነው? የኢትዮጵያም የሱዳንም ጥናቶች በዋናነት የሚለኩት ፍጆታን ነው፤ ቤተሰቡ የበላው፣ የለበሰው፣ ለቤት ኪራይና ለመድኃኒት ያወጣው ይደመራል። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። የገበሬ ገቢ በመኸር ይመጣና በክረምት ይጠፋል፤ ምግቡ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ካመረተው የሚበላውም ገበያ አይወጣም። ሆኖም ፍጆታ የሀብታሙን ገቢ ያሳንሳል። ባለ 60 ሺህ ሰው 60 ሺህ አይበላም፤ የተረፈው መሬት፣ ትራክተር፣ ወርቅ ይሆናል። ስለዚህ በፍጆታ የተሠራ ጂኒ በገቢ ከተሠራው ዝቅ ይላል። በብራዚልና በሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የሚለካው ገቢ ነው። የእነሱን ቁጥር ከእኛ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ “እኛ እንሻላለን” ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማወዳደር ይሆናል።

የገቢ ልኬቱም ቢሆን የሚጎድለው አለ። ሳሉጉ 4 ሺህ ተቀበለ ብለናል። ለመጓጓዣ ከፍሏል። ቆላው ወባና ካላዛር ያለበት ነው፤ ከታመመ ለሕክምና ያወጣዋል፤ ካላዛር ከያዘው ደግሞ ለሳምንታት ይተኛል። የተከፈለው በሱዳን ፓውንድ ከሆነ ሌላ ኪሳራ አለ። የካቲት 2021 የሱዳን መንግሥት የምንዛሬ ተመኑን ሲያስተካክል አንድ ዶላር ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ፓውንድ በአንድ ቀን ዘለለ። ጥቁር ገበያው አስቀድሞ እዚያው ደርሶ ነበርና ሠራተኛው ገንዘቡን ወደ ብር ሲቀይር በወረቀት ላይ ያለውን ተመን አግኝቶ አያውቅም። ባለ እርሻው ግን ሀብቱ በሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚላክ ሰብል ስለሆነ ፓውንዱ ሲወድቅ ዋጋው በፓውንድ ይወጣል። የገንዘብ መውደቅ ራሱ ልዩነቱን አሰፋው ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ መቼ ተለካ? በሱዳን ሸይል የሚባል የቆየ የብድር ልማድ አለ። ክረምቱ ሳይገባ ነጋዴው ለገበሬው ዘርና ጥሬ ገንዘብ ያበድራል፤ ገበሬው የሚከፍለው በመኸር በሰብል ነው፤ የሰብሉ ዋጋ ግን የሚቆረጠው ቀድሞ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ነው። ጠያቂው በኅዳር ቢመጣ ገበሬውን በጆንያ ተከቦ ያገኘዋል፤ ጆንያው ግን የአበዳሪው ነው። በሐምሌ ቢመጣ ደግሞ ገበሬው ተበድሮ ሲበላ ያገኘዋል። ያው ሰው፣ ያው ዓመት፣ ሁለት የተለያየ ገቢ።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ይህን የመሰለ ክፍፍል እንዴት ተፈጠረ? የገዳሪፍ መልስ ከመሬት ይጀምራል። በ1944 እና 1945 የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ላለው ጦሩ ቀለብ የሚሆን ማሽላ ለማምረት ጋዳምባሊያ በተባለ ቦታ በትራክተር የሚታረስ እርሻ ጀመረ። በ1950ዎቹ መሬቱ በ1,000 ፈዳን እየተሸነሸነ ለግል ባለሀብቶች ይከራይ ጀመር። በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክም አበደረ። በ1970 የወጣው ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው አለ። በልማድ ይዘው ሲያርሱ የኖሩ መንደሮችና በቡጣና ሜዳ ከብትና ግመል የሚያሰማሩ እንደ ሹክሪያ ያሉ አርብቶ አደሮች በእጃቸው ወረቀት አልነበራቸውም። አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ነው፤ 1,000 ፈዳን 420 ሄክታር ይሆናል። በአማራ ደጋ የአንድ ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ብዙም አይርቅም። አንድ ባለ ኪራይ የያዘው ሳሉጉ ትቷቸው የመጣ አራት መቶ ጎረቤቶች የሚኖሩበትን መሬት ያህላል።

ልዩነት በሰዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በአካባቢዎችም መካከል አለ። ምሥራቅ ሱዳን ለዚህ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ የተመሠረተው የቤጃ ኮንግረስ የተባለው ድርጅት “ወደቡም እርሻውም እኛ ጋ ሆኖ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ የት አለ?” የሚል አቤቱታ ይዞ ተነሣ፤ ነገሩ እስከ ትጥቅ ትግል ደረሰ። በጥቅምት 2006 አስመራ ላይ የተፈረመው የምሥራቅ ሱዳን የሰላም ስምምነት ለቀይ ባሕር፣ ለከሰላና ለገዳሪፍ ግዛቶች በአምስት ዓመት 600 ሚሊዮን ዶላር የሚመድብ የልማት ፈንድ አቋቋመ። ሰዎች የጦር መሣሪያ ያነሡበት ነገር በሰላም ውል ውስጥ በገንዘብ መጠን መጻፉ ብዙ ያስተምራል። ልዩነትን አስቀድሞ መለካትና ማስተካከል ከጦርነት በእጅጉ ይረክሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ልኬቱን ማሻሻል ይቻላል፤ መንገዱም የታወቀ ነው። በመኸር ወቅት ቆጠራው ወደ ሥራ ቦታው ይውጣ፤ በእርሻ ካምፑና በሠራተኛ መቅጠሪያው ገበያ ላይ ስንት ሰው፣ ከየት መጥቶ፣ በስንት እንደሚሠራ ይመዝገብ። የመሬት ኪራይ መዝገቡ ከቤተሰብ ጥናቱ ጋር ይያያዝ፤ ያን ጊዜ ሩቅ ከተማ የሚኖረው ባለ እርሻ በሰልፉ ላይ ቦታውን ይይዛል። ስደተኞች እንደ ተረጂ ብቻ ሳይሆን እንደ ሠራተኛም ይቆጠሩ። በኢትዮጵያ በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የመሥራት መብትን ስላወቀ ለዚህ በር ከፍቷል። ገላባትና መተማ በአንድ መንገድ የተያያዙ ከተሞች ናቸውና የሁለቱ አገሮች የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች የመኸር ሠራተኞችን በአንድ ዓይነት ቅጽ ቢመዘግቡ አንዳቸውም አይጎዱም። ያልተቆጠረ ሰው ደመወዙ ሲጎድል አቤት የሚልበት ቁጥር የለውም፤ ክሊኒክም ውኃም ሲታቀድ አይታሰብም።

ትምህርቱን እናጠቃልል። ከእንግዲህ “የአገሪቱ የገቢ ልዩነት ይህን ያህል ነው” ሲባል ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ማን ተቆጠረ? የተለካው ገቢ ነው ወይስ ፍጆታ? የተለካው መቼ ነው?

የቤት ሥራም እሰጣችኋለሁ። አራት ሰዎች አሉ፤ ገቢያቸው 5፣ 5፣ 10 እና 20 ሺህ ነው። የየጥንዱን ልዩነት ደምሩ፣ ድምሩን 4 በ40 ሲባዛ ለሚገኘው ቁጥር አካፍሉ። 0.31 ገደማ ካገኛችሁ ልክ ናችሁ። ቀጥሎ ባለ 20 ሺሁን አውጡና እንደገና አስሉ፤ 0.17 ገደማ ይመጣላችኋል። ለልጆቻችሁና ለሥራ ባልደረቦቻችሁም አሳዩአቸው፤ ስሌቱን የሚያውቅ ሰው በበዛ ቁጥር የጎደለውን ሰው የሚጠይቅም ይበዛል።

 

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ)